ትንሿ ሻይ ቤት ለምን ቆየች? የካንቶን ዲም ሰም ከጓንግዡ እስከ ኒው ዮርክ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በታችኛው ማንሃተን፣ ዶየርስ የምትባል አጭር ጎዳና አለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስልሳ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ እሷም መሐሏ ላይ በድንገት ትታጠፋለች። በ1920 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህች ጎዳና ኬክ እየጋገረ ሻይ የሚያቀርብ ኖም ዋ የሚባል የካንቶኖች፣ ማለትም የደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ሰዎች፣ ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የሴፕቴምበር 11 ጥቃትና የኮሮና ወረርሽኝ ተፈራርቀዋል። ቤቱ ግን አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት በር ፈቀቅ ከማለቱ በቀር ጎዳናዋን አልለቀቀም።

እንዲህ ያለ ቤት ዕድሜ ሲጠግብ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማድቤት ይፈለጋል። «ምስጢሩ እጃቸው ላይ ነው» ይባላል። እጅ እንዳለበት አይካድም። ይሁን እንጂ የኢሚግሬሽን ፋይሉ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የኪራይ ውሉና የጋዜጣው ዘገባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነበቡ ሌላ ታሪክ ይወጣል። ትንሿን የዲም ሰም (ከሻይ ጋር በትንንሽ ሳህን የሚቀርብ የካንቶን ምግብ) ቤት ያቆማት ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሕግ፣ ኪራይና ዘመድም ናቸው። ይህን ለማየት ከመነሻው፣ ከደቡብ ቻይና መጀመር ያስፈልጋል።

ተረቱና መዝገቡ

ስለ ዲም ሰም የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ከሐር መንገድ ይነሳሉ። መንገደኛና ገበሬ ድካሙን ሊያወጣ በመንገድ ዳር ሻይ ቤት ያርፍ ነበር፤ ሻይ ምግብ እንደሚያንሸራሽር ሲታወቅ ከሻዩ ጋር የሚቀመስ ነገር ይቀርብ ጀመር፤ ዲም ሰምም በዚህ ተወለደ ይላሉ። ደስ የሚል ወግ ነው። ነገር ግን የሐር መንገድ የሚያልፈው በሰሜን ምዕራብ ቻይና ሲሆን የካንቶን ሻይ ቤት የበቀለው በደቡብ ጠረፍ፣ በፐርል ወንዝ አፍ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሺህ ኪሎ ሜትሮችና በብዙ መቶ ዓመታት የሚለካ ነው።

ሁለተኛው ተረት በየጠረጴዛው ዛሬም ይሠራበታል። በካንቶን ልማድ ሻይ የተቀዳለት ሰው በሁለት ወይም በሦስት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ያመሰግናል። ሲተረክ፣ ከ1735 እስከ 1796 በዙፋን የቆየው ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ማንነቱን ሰውሮ ሲጓዝ ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት፤ አሽከሩም ተደፍቶ እጅ ቢነሳ ጌታው ይታወቅበታልና ጣቶቹን አጥፎ በጠረጴዛው ላይ አሰገደ ይባላል። የቺያንሎንግ ስድስት የደቡብ ጉዞዎች በቤተ መንግሥቱ መዝገብ በዝርዝር ተጽፈዋል። ጉዞዎቹ የደረሱት እስከ ሃንግዡ አካባቢ ነው፤ ጓንግዶንግን አልነኩም። ልማዱ እውነተኛ ነው፤ ታሪኩ ግን በኋላ የተለጠፈበት ነው።

መዝገቡ የሚያስተምረው ከዚህ ይለያል። ሻይ የሚሸጡ ቤቶች በሶንግ ዘመን ከተሞች፣ በካይፌንግና በሃንግዡ፣ ከ800 ዓመታት በፊትም እንደነበሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ጠዋት ሻይ ይዞ ተቀምጦ፣ በትንንሽ ሳህን የሚመጣ ምግብ እየቀመሱ መጨዋወት የካንቶኖች መለያ የሆነው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የቺንግ መንግሥት በ1757 የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በጓንግዡ ወደብ ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ይህም እስከ 1842 ጸና። አውሮፓውያን ከሁሉ አብልጠው የሚገዙት ደግሞ ሻይ ነበር። በዚህ ምክንያት ከተማዋ በነጋዴ፣ በደላላ፣ በጀልባ ቀዛፊና በጫኝ አውራጅ ተሞላች። ይህ ሁሉ ሰው ከቤቱ ውጭ መብላትና ማረፍ ነበረበት።

ሁለት ሊ የሚከፈልበት ቤት

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የጓንግዡ ሠራተኛ የሚያርፍባቸው ቤቶች በዋጋቸው «ሁለት ሊ» ተብለው ይጠሩ ነበር። አንድ የብር ዶላር በ720 ሊ ይመነዘር ስለነበር በአንድ ዶላር 360 ሰው ሻይ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ቤቱ ከዳስ የሚሻል አልነበረም። የእንጨት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር፣ የሸክላ ማንቆርቆሪያና ሆድ የሚይዝ ርካሽ ኬክ ነበረው። ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የሻይ ወግ የሚደራበት ቦታ መሆኑን ያስታውቃል። ደንበኛው ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ይላል፤ ማታም ሲመለስ ይደግማል።

ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ይህን ሲያዩ ሥራው እንደሚያዋጣ ገባቸው። መሬት ገዝተው ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚገባቸው፣ ሁለትና ሦስት ፎቅ ያላቸው ሻይ ቤቶች አቆሙ። ዋጋውም እንደ ፎቁ ከፍ ይል ነበር፤ ገንዘብ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፣ የሌለው ምድር ቤት ቁጢጥ ይላል የሚል አባባል በከተማው ቀርቷል። እስከ ዛሬ ስማቸው የሚጠራው ታኦ ታኦ ጁ በ1880፣ በሎተስ ፍሬ ማርመላታ የታወቀው ሊያንሺያንግ ደግሞ በ1889 የተመሠረቱት በዚህ ዘመን ነው።

የምግቡ ዓይነት የበዛው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1920ዎቹ የጓንግዡ ሻይ ቤቶች በፉክክር ብዛት በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ዝርዝር ማውጣት ጀመሩ። ጨው ያለውም ጣፋጩም በእኩል ተመድቦ በሰባት ቀን አንዴ ይታደሳል። አብሳዩ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ለማምጣት ሲጨነቅ ከሰሜን ቻይና የዱቄት ሥራን፣ ከምዕራባውያን የቅቤ ሊጥና የእንቁላል ክሬምን ወሰደ። ዛሬ «ጥንታዊ» ተብሎ ከሚቀርበው ዲም ሰም አንድ ጥሩ ክፍል የተፈጠረው በዚያ ፉክክር ውስጥ ነው።

በዚያው ጊዜ ሻይ ቤቶቹ ሴት አስተናጋጆችን መቅጠር ጀመሩ። ደንበኛ ይስባሉ፤ ደመወዛቸውም ያንሳል። የወንዶቹ የሠራተኛ ማኅበር ክፉኛ ተቃወመ፤ ጋዜጦቹ «የምግባር ጉዳይ» እያሉ ተከራከሩበት። የጠቡ ሥር ግን እንጀራ ነበር። የሻይ ቤት ታሪክ የጣዕም ታሪክ ብቻ አለመሆኑ ገና ከዚያ ይታያል።

በእንፋሎቱ ፊት

የዲም ሰም ማድቤት ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሊጥ ላይ ይቆማል፣ አንዱ የሚሞላውን ያዘጋጃል፣ አንዱ የቀርከሃ ቅርጫቶቹን ደርድሮ እንፋሎቱን ይጠብቃል፣ አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ከሩዝ ፈሳሽ ስስ ጥቅል ያወጣል። አብሳይ የሚመዘነው ደግሞ ሃር ጋው በሚባለው፣ ሽሪምፕ በሚሞላው ነው።

ሃር ጋው በተራ ዱቄት አይሠራም። የስንዴ ሊጥ በውኃ ታጥቦ የሚለጠጠው ክፍሉ ሲወጣለት የሚቀረው ነጭ ስታርች ነው መሠረቱ፤ የካሳቫ ስታርች ይጨመርበታል። የሚፈላ ውኃ ይደፋበትና እንደ ገንፎ ይማሰላል፤ ትኩስ እንዳለ ጥቂት የአሳማ ስብ ገብቶበት ይታሻል። ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጣጠቅ ጊዜ አይሰጥም። ድቡልቡሏ ቁራሽ በመዳመጫ አትዳመጥም። ስለት የሌለው ሰፊ ቢላ ጎኑ ዘይት ተቀብቶ ይጫናታል፤ በዚያው ዞር ሲደረግ ክብ፣ ስስ ቂጣ ትሆናለች። ሽሪምፑ ከጥቂት የአሳማ ስብና ከቀርከሃ ቡቃያ ጋር መሐሏ ይቀመጣል። ከዚያ የአንዱ ወገን ጠርዝ እየተሸበሸበ ከሌላው ጋር ይገጠማል። ሽብሽቡ ከሰባት እንዳያንስ የቆየ ልማድ አለ፤ በእጃቸው የሚኮሩት ከአሥር ያሳልፉታል። ጥቂት ደቂቃ በእንፋሎት ሲቆይ ሊጡ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምርና የሽሪምፑ ሮዝ ቀለም ከውስጥ ይታያል። በቾፕስቲክ ሲነሳ ከተቀደደ፣ ወይም ከሥሩ ተጣብቆ ከቀረ፣ አብሳዩ ፈተናውን ወድቋል።

የሃር ጋው መነሻ በጓንግዡ ደቡብ፣ በወንዝ ዳር ባለች ዉፌንግ በምትባል መንደር፣ በ1920ዎቹ የነበረ አንድ ትንሽ ሻይ ቤት ነው ይባላል። ይህ በአፍ የመጣ ቃል ነው፤ ሆኖም ከቦታው ጠባይ ጋር ይስማማል። ሽሪምፑ ከወንዙ ሕይወቱ ሳይወጣ የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነውና። ከሁሉ የከበረው የዲም ሰም ዓይነት ባለብዙ ፎቅ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይሆን በመንደር ቤት መወለዱን ካንቶኖች ራሳቸው ሲናገሩት ማየት ግን ልብ የሚባል ነው።

ከእነዚህ ጎን ሲዩ ማይ የሚባለው አናቱ ክፍት የአሳማ ሥጋ፣ በምድጃ የተጠበሰ ሥጋ የሞላበት ነጭ ቂጣ፣ ከተጠበሰ በኋላ ተዘፍዝፎ በጥቁር ባቄላ የሚቀቀለው የዶሮ እግር ይመጣል። ለአንድ ሰው ልኩ አንድ ሲኒ ሻይና ሁለት ቁራሽ ነው የሚል የቆየ አባባል አለ። ቀድሞ ሂሳቡ ሲደርስ አስተናጋጁ የተከመሩትን ባዶ ሳህኖችና የቀርከሃ ቅርጫቶች በመጠናቸው ለይቶ ይቆጥር ነበር፤ የሂሳብ ወረቀቱ ኋላ የመጣ ነው።

ሆንግ ኮንግ

ብሪታንያ ሆንግ ኮንግን በ1842 ስትወስድ የጓንግዡ ሰው ሻይ ቤቱን ይዞ ተከተለ። ነገር ግን በቅኝ ግዛቱ ቻይናዊ ማታ ያለ ፋኖስና ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ ክልክል ነበር። ይህ ገደብ እስከ 1897 ቆይቷል። ሻይ ቤቱ የጠዋትና የቀን ቤት ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ጋር መታየት አለበት። በኋላ ነጋዴው፣ ጸሐፊውና ጡረተኛው ሁሉ የራሱን ቤት መረጠ። ዘፋኝ ወፉን በቀፎ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ቤት ነበር። ባለሀብትና የጥበብ ሰው የሚመርጠው ደግሞ በ1933 የተከፈተው ሉክ ዩ ነበር። ይህ ቤት ስያሜውን ያገኘው በ8ኛው መቶ ዘመን ስለ ሻይ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከጻፈው ከሉ ዩ ነው።

የጃፓን ወረራ ሲያበቃ፣ በ1945፣ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ 600,000 ገደማ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ከዋናው ቻይና በእርስ በርስ ጦርነቱና በ1949ኙ የኮሚኒስቶች ድል ምክንያት ከተሰደደው ሰው መካከል የጓንግዡ አብሳዮች ይገኙበታል። በዋናው ቻይና የቀሩት ሻይ ቤቶች በ1956 ከመንግሥት ጋር በሽርክና እንዲሠሩ ተደረጉ፤ በሆንግ ኮንግ ግን ሥራው በግል እጅ እንደ ሆነ ሰፋ። ቀድሞ ትሪ በትከሻ ማንገቻ ተሸክመው የሚዞሩ ሴቶች ያቀርቡት የነበረውን ምግብ ኋላ በእንፋሎት የሚሞቅ ተሽከርካሪ ጋሪ ተካው። ጋሪው መተላለፊያ ይፈልጋል፤ መተላለፊያ ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል፤ አዳራሽ ደግሞ ብዙ ሰው ይፈልጋል። የዲም ሰም ቤት ሺህ ሰው የሚይዝ የሆነው በዚህ ሰንሰለት ነው።

ሕጉ የከፈተው በር

የካንቶን ሰዎች ወደ አሜሪካ በብዛት የሄዱት የካሊፎርኒያ ወርቅ በተገኘ ማግስት ነው። በኖቬምበር 1849 በሳን ፍራንሲስኮ ጃክሰን ጎዳና፣ ካንቶን ሬስቶራንት በሚባል ቤት፣ 300 ያህል ቻይናውያን ተሰብስበው የሚወክላቸው አሜሪካዊ አማካሪ መረጡ። በአሜሪካ የቻይናውያን ምግብ ቤት ገና ከጅምሩ የማኅበረሰብ መሰብሰቢያ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የባቡር ሐዲዱ በ1869 አልቆ ሥራ ሲጠፋ ግን ጥላቻው ከረረ። ኮንግረስ በ1882 ባወጣው ሕግ የቻይናውያን ሠራተኞች መግባት ታገደ። ከክልከላው ነፃ የሆኑት ነጋዴ፣ ተማሪ፣ መምህር፣ መንገደኛና ዲፕሎማት ነበሩ። ነጋዴ የሆነ ሰው አገሩ ሄዶ መመለስ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት ይችላል። ልብስ አጣቢና ምግብ ቤት ያለው ሰው ግን እንደ ሠራተኛ እንጂ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም ነበር።

ይህን የቀየረው በ1915 የተሰጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ የምግብ ቤት ባለቤትም የነጋዴ መብት ማግኘት ቻለ። የኢሚግሬሽን ፋይሎቹን ያጠናችው የታሪክ ምሁር ሄዘር ሊ እንዳሳየችው፣ በኒው ዮርክ የቻይናውያን ምግብ ቤቶች ቁጥር ከ1910 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት በአራት እጥፍ አደገ።

ቢሮክራሲው የጠየቀው ግን ቀላል አልነበረም። ቤቱ ደረጃው ከፍ ያለ መሆን አለበት። አመልካቹ ዋና ባለድርሻ ሆኖ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሥራውን ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ መምራት ይኖርበታል። በዚያ ዓመት ሳህን ማጠብ፣ ደንበኛ ማስተናገድ ወይም በሂሳብ ተቀባይነት መሥራት አይፈቀድለትም። ይህን ሁሉ ሁለት ነጭ ምስክሮች ሊያረጋግጡለት ይገባል። መርማሪዎች ቤቱ ድረስ እየመጡ ይጠይቁ ነበር። ቻይናውያኑም መላ መቱ። ዘመዳሞችና ያገር ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቤት ይከፍታሉ፤ በየተራ እየተፈራረቁ «ሥራ አስኪያጅ» ይሆናሉ፤ ተራው የደረሰው ወረቀቱን ያገኝና ቤተሰቡን ያመጣል። እንዲህ ሲታይ ምግብ ቤት መክፈት ለብዙዎች ከትርፍ በፊት የሕጋዊነት በር ነበር።

ዶየርስ ጎዳና

ኖም ዋ የተከፈተው ከ1915ቱ ውሳኔ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ዶየርስ በጊዜው መልካም ስም አልነበራትም። በ1893 በተከፈተው የቻይናውያን ቲያትር ውስጥ በ1905 በጋ ጨዋታው በሚታይበት ሰዓት ተቀናቃኝ ማኅበራት ተታኮሱ፤ የርችት ድምፅ የተኩሱን ድምፅ ሸፍኖ ሰዎች ተገደሉ። የኒው ዮርክ ጋዜጦች የጎዳናዋን መታጠፊያ «የደም ማዕዘን» ብለው ሰየሙት፤ አስጎብኚዎችም ነጮችን በገንዘብ እያመጡ «አደገኛውን ቻይና ታውን» ያሳዩ ነበር።

ቤቱን የያዘው የቾይ ቤተሰብ ነው። የሚታወቀውም በኬኩ ነበር። በሎተስ ፍሬና በቀይ ባቄላ ማርመላታ የሚሞላ የጨረቃ በዓል ኬክና የለውዝ ብስኩት ይጋግራል፤ ከዚያ ጎን ሻይና ጥቂት የዲም ሰም ዓይነት ያቀርባል። ቻይና ታውን በሞት፣ በፔልና በዶየርስ ጎዳናዎች ተወስኖ፣ በብዛትም ቤተሰቡን ማምጣት ባልቻለ ወንድ የተሞላ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ሻይ ቤቱ ሳሎኑ ነበር ማለት ይቻላል። የክልከላው ሕግ በ1943 ተሻረ፤ በምትኩ የተሰጠው ኮታ ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

በ1950 ዋሊ ታንግ የሚባሉ የ16 ዓመት ስደተኛ ልጅ በዚህ ቤት ሥራ ጀመሩ። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1968 ቤቱ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ሲዛወር አብረው ተሻገሩ። በ1974 ደግሞ ከቾይ ቤተሰብ ገዙት። በሃያ አራት ዓመት ከተቀጣሪነት ወደ ባለቤትነት መድረሳቸው የባንክ ብድርና የቢዝነስ ዕቅድ ታሪክ አይደለም፤ ቤቱ የሚተላለፈው ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ነበር። ቀዩ መቀመጫ፣ የሻይ ጣሳ የተደረደረበት መደርደሪያና የ1960ዎቹ መልክ ያለው ዕቃ ሁሉ ከዝውውሩ በኋላ ብዙም ሳይነካ ቀረ።

ኖም ዋ በዚህ ዘመን ራሱን አላስፋፋም። እንቁላል በስሱ ጠብሶ፣ በዚያ ዶሮና አትክልት ጠቅልሎ፣ ሊጥ ነክሮ የሚጠብሰውን የራሱን «ኤግ ሮል» ግን አልተወም። ፋብሪካ ሠራሽ ቂጣ እያለ ይህን በእጅ መሥራት ጊዜ ይፈጃል፤ ለሺህ ሰው መሥራት አይቻልም፤ ለጥቂት ጠረጴዛ ግን ይቻላል።

ትልልቆቹ አዳራሾች

በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በዘር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ሲያነሳ ከሆንግ ኮንግ ብዙ ሰው መጣ። ጋሪ የሚገፋበት ሰፊ አዳራሽም አብሮ መጣ። በ1976 ባወሪ ላይ የተከፈተው ሲልቨር ፓላስ በጊዜው ከቻይና ታውን ትልልቅ ምግብ ቤቶች ዋነኛው ነበር። ትልቅነቱ የራሱን ጣጣ አመጣ። በ1980 አስተናጋጆቹ ከደንበኛ የሚያገኙትን ጉርሻ ለአስተዳደሩ እንዲያካፍሉ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ተባረሩ፤ በትግላቸውም ወደ ሥራ ተመልሰው በቻይና ታውን የመጀመሪያውን ነፃ የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር፣ 318 የሚባለውን፣ አቋቋሙ። በዘመድ የሚሠራው ትንሽ ቤት ጠቡን በጓዳ ይጨርስ ነበር፤ ለተቀጣሪው ጥሩ ነበር ማለት ግን አይደለም። ዘመድ የሆነ ሠራተኛ የሰዓት ክፍያ የመጠየቅ ድፍረት አልነበረውም።

በሴፕቴምበር 2001 መንትያ ሕንፃዎቹ ሲወድቁ ቻይና ታውን በእግር የሚደረስ ጎረቤት ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ጎብኚ ጠፋ። ትልልቆቹም ትንንሾቹም ተጎዱ። ኖም ዋ ከዚያ በኋላ ደብዝዞ ቆየ፤ ደንበኛው ያረጁ ጎረቤቶች ሆኑ። በ2010ዎቹ መባቻ ዋሊ ታንግ ቤቱን በፋይናንስ ሥራ ለነበረ የወንድማቸው ልጅ፣ ለዊልሰን ታንግ፣ አስረከቡ። እሱም ማድቤቱን አደሰ፣ አዳራሹን ግን እንዳለ ተወው። ምግቡ በጋሪ እየዞረ ከሚቀዘቅዝ ይልቅ ሲታዘዝ ተሠርቶ እንዲወጣ አደረገ። ጋሪው የዲም ሰም ጥንታዊ ምልክት የሚመስለው ብዙ ሰው ይህን እንደ ፈጠራ አየው፤ ጋሪው ራሱ ግን በዲም ሰም ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የገባ ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። በኤልዛቤት ጎዳና ላይ 800 ያህል መቀመጫ የነበረው ጂንግ ፎንግ በማርች 2021 ትልቁን አዳራሽ ዘጋ። የምግቡ ጣዕም አልጎደለም፤ ደንበኛም አልጠላውም። ሰው በአንድ ላይ መቀመጥ ሲከለከል የአዳራሹ ኪራይ የሚከፈልበት መንገድ ጠፋ እንጂ። ቤቱ በዚያው ዓመት በሌላ ጎዳና፣ በጣም ባነሰ ቦታ፣ ዳግም ከፈተ። ኖም ዋ ግን ጥቂት ጠረጴዛ ስለነበረው የሚያጣውም ጥቂት ነበር።

ይህ የኒው ዮርክ ብቻ አይደለም። በሆንግ ኮንግ ሞንግ ኮክ፣ ከትልቅ ሆቴል የወጣ አብሳይ በ2009 ሃያ ገደማ መቀመጫ ያለው ቲም ሆ ዋን የሚባል ቤት ከፈተ። በ2010 የሚሼሊን መመሪያ አንድ ኮከብ አገኘ፤ በዓለም እጅግ ርካሹ ኮከብ ያለው ቤት ተብሎ ሰዎች ለሰዓታት ይሰለፉለት ጀመር። አራት ዓመት ሳይሞላው ኪራዩ ስለ ናረ ከመጀመሪያው ቦታው ለቀቀ፤ ስሙ ግን በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ሆነ። እዚህ ኮከቡም ሰልፉም ቤቱን በቦታው ሊያቆዩት አልቻሉም።

ብይኑ

ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። ቲም ሆ ዋን ጣዕሙ በዓለም የተመሰከረለት ሆኖ ቦታውን አጣ። ኖም ዋ ለረጅም ዓመታት ያለ ብዙ ሙገሳ ጎዳናውን ሳይለቅ ቆየ። ልዩነታቸው በሃር ጋው ሽብሽብ ቁጥር አይገለጽም። ኖም ዋ የተከፈተው የ1915ቱ ውሳኔ ለምግብ ቤት የተለየ ዋጋ በሰጠበት ዘመን ነው፤ ሁለት ቤተሰብ በዘመዳዊ ጉልበት አቆየው፤ ቦታው ደግሞ አጭርና ጠባብ ጎዳና ላይ ነበር።

ይህ ሲባል የአብሳዩን እጅ ለማሳነስ አይደለም። ሁለት ሊ ከሚከፈልበት ዳስ ጀምሮ ይህ ምግብ የድካምና የጥንቃቄ ሥራ ነው፤ ያለ እጅ ምንም የለም። ነገር ግን እጅ ያላቸው ብዙ ቤቶች ጠፍተዋል። የአሮጌ ምግብ ቤት ታሪክ የሚጽፍ ሰው የምግብ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ ከተነሳ ተረት ይጽፋል፤ የኪራይ ውሉን፣ የመግቢያ ፈቃዱንና ሳህን ያጠበውን ሰው የደመወዝ ደብተር አብሮ ካላነበበ ቤቱ ለምን እንደቆመ ሊነግረን አይችልም።